ያዘገየሁት ቁልፍ

ካርቱም፣ ግንቦት 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ቁጭ ስል ቃሉ ይጠፋብኛል፣ ስነሳ ይመጣል፤ ስለዚህ ወረቀቱን የምሠራበት ክሊኒክ መስኮት ላይ አስደግፌ ቆሜያለሁ። ዛሬ ጁማ ነው፤ በሽተኞቹ እስኪመጡ አንድ ሰዓት ያህል አለኝ።

ከመጋቢት ወዲህ አልደወልኩልሽም። አንቺም አልደወልሽም፣ ጥፋቱ ግን የኔ ነው። አማርኛዬን ታውቂዋለሽ፤ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ስሳሳት በልብሽ አርሚልኝ።

ያኔ በስልክ ያላስረዳሁሽን ላስረዳሽ። ቡሪ ሰፈር ያለው የዶክተር ራንዳ ክሊኒክ ድረ ገጽ የኔ ሹግል፣ የኔ ሥራ ነው። ገጹ የተቀመጠው ውጭ አገር በተከራየነው ሰርቨር ላይ ነው። በሰው ቤት የሚሠሩት የአገርሽ ልጆች ጁማ መጥተው ለምርመራ ደም ይሰጣሉ፤ በሌላ ቀን ስለማይለቋቸው የካርድ ቁጥራቸውን አስገብተው ውጤታቸውን በስልካቸው ያነባሉ። ገጹ በታኅሣሥ ሲከፈት ግን ቁልፍ አልነበረውም። በዚያው ቤት ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው፣ ዘዴውን ካወቀ፣ እነሱ የሚያነቡትን ሊያይ ይችላል። ይህን የሚከለክለው የደህንነት ሰርተፍኬት የሚባል ነገር ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በነጻ ነው፤ ሰርቨሩ የኛ መሆኑን ብቻ አረጋግጠው ይሰጣሉ፣ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። ሌላው ይገዛል፤ የድርጅቱን ወረቀት ያያሉ፣ ደውለው ያጣራሉ፣ ከዚያ የክሊኒኩ ስም ከአድራሻው አጠገብ በአረንጓዴ ፊደል ይወጣል። ምስጢር በመጠበቅ ሁለቱም እኩል ናቸው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር፣ እማዬ። እኔ ግን አረንጓዴውን ፈለግሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ «የሐበሻዋ ልጅ» እያሉ ሲስቁብኝ ታስታውሻለሽ? አሁን ደግሞ «ይህን ማን ሠራው?» ሲባል «የሐበሻዋ ልጅ» እንዲሉ አማረኝ።

ቅጹ አገር ምረጪ ይላል። ዝርዝሩን እስከ ታች ወረድኩ፣ ተመልሼ ወጣሁ፤ ሱዳን የለችም። ሱዳን ላይ በተጣለው ማዕቀብ ምክንያት ለኛ አይሸጡም። ያኔ ነው ኢትዮጵያ ብዬ፣ ሥራ አስኪያጅ በሚለው ቦታ ያንቺን ስም፣ ከሥሩ ወደ አገርሽ ከተመለስሽ ወዲህ የያዝሽውን የጎንደር ስልክሽን የጻፍኩት። ሳልነግርሽ። አይደውሉም ብዬ።

ወኪላቸው ከአዲስ አበባ ደወለልሽ። «የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ እርስዎ ነዎት?» ሲልሽ፣ «አይ የኔ ልጅ፣ ተሳስተሃል። ካርቱም ያለችው ልጄ ናት፣ እኔ የምመራው ነገር የለኝም» አልሽው። ማመልከቻዬ በዚያው ቀን ተሰረዘ።

ስትደውይልኝ እንኳ አልተቆጣሽም። «ማናል፣ በስሜ ምን ሠራሽ?» ብቻ ነው ያልሽኝ።

«አዎ ብትዪው ምን ነበረበት?»

«ያልሆንኩትን?»

«ካርቱም ሃያ ስምንት ዓመት ስትኖሪ ስምሽ አንድ የረባ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ያውቃል? ዛሬ ብርቅ ሆነብሽ?»

አባቴ ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ እስኪያወጣልሽ ድረስ ፖሊስ ባየሽ ቁጥር እጄን ይዘሽ መንገድ ስትቀይሪ እያየሁ ያደግሁት እኔው ነኝ እንዲህ ያልኩሽ። «ደህና ሁኚ ልጄ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽ።

ያን ቀን ነጻውን ባስገባ ከላስ፣ ያልቅ ነበር። እልህ ያዘኝ። የሌላ አገር ወረቀት የሚያስጨርስ ደላላ ፍለጋ ካርቱም ሁለት ሰፈር ስመላለስ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ዶክተር ራንዳ «ገጹ ተቆለፈ?» ሲሉኝ «ኢንሻላህ በዚህ ሳምንት» እላቸዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ቤቲ የምትባል ልጅ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ሪያድ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ጁማ ደም ሰጥታ ነበር። አልተቀመጠችም።

«ውጤቴን ለማን ሰጣችሁት?» አለችኝ።

«ለማንም አልሰጠንም።»

«የማዳም ወንድም ኮምፒውተሩ ላይ አግኝቶት ምሳ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። ከነስሜ፣ ከነቁጥሬ። እኔ ራሴ ገና አንብቤ አልጨረስኩም ነበር።»

ሳህኑ ሳይነሳ ነው ከቤት ያስወጧት።

አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጥቻት ወደ ኮምፒውተሬ ሄድኩ። ነጻውን ሰርተፍኬት ጠየቅሁ፣ ተሰጠኝ፣ ሰርቨሩ ላይ ጫንኩት፤ ቁልፉ ከአድራሻው አጠገብ ብቅ አለ። ዞር ስል ውሃዋን ገና አልጨረሰችም። አራት ወር ያዘገየሁት ሥራ ይኸው ነበር።

ለዶክተር ራንዳ ሁሉንም ተናገርኩ። ብዙ አዩኝና «አረንጓዴ ስም መቼ ጠየቅሁሽ?» አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ አልኩ። ቤቲን ወደ ቤት ወስጄ አንቺ ትተኚበት የነበረው ክፍል አስገባኋት። ለእሷም ነገርኳት።

«በነጻ ነበር?» አለች።

«በነጻ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ወጥታ «ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ግን መሄጃ የለኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ማዕድ ስንበላ ቆየን። እኔ በየቀኑ እየተነሳሁ ቁልፉ እንዳለ አያለሁ፤ እንደማይጠፋ እያወቅሁም አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወደ አገሯ ለመመለስ ወሰነች። ወላጆቿ ደብረ ታቦር ናቸው፣ ግን ገና ልታያቸው አልደፈረችም። «ስልክ የተደወለላቸው እናትሽ ጎንደር ናቸው አላልሽኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። «ያልሆኑትን ነኝ ያላሉት?» አዎ አልኳት፣ አፈርኩ። «እሳቸው ጋ ጥቂት ቀን ልረፍ» አለች።

እማዬ፣ ይህን ደብዳቤ በእጇ የሰጠችሽ ልጅ ቤቲ ናት። ነገ ጠዋት በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ በሚወስደው መኪና አሳፍራታለሁ።

ደብዳቤውን ሳላሽገው አነብልሻለሁ ብያት ነበርና የጻፍኩትን ትናንት አነበብኩላት። ውጤቷ ምን እንደነበረ ጽፌው ነበር። «እሱን አውጪው» አለችኝ። «ስፈልግ እኔው እነግራቸዋለሁ።» ስለዚህ ዛሬ እንደ አዲስ እየገለበጥኩት ነው።

ነገር ሳትጠይቂ ማደር እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ። እሷን ግን አትጠይቂያት። አሁን ፊት ለፊትሽ ተቀምጣ የምታነቢውን እያየች ይሆናል፤ መንገዱ ረጅም ነበር፣ መጀመሪያ ትተኛ።

ስለ ስምሽ፣ ስለ ወረቀትሽም ላልኩሽ ይቅርታሽን እለምናለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ እደውላለሁ። ካላነሳሽልኝ በሚቀጥለው እሑድም እደውላለሁ።

ልጅሽ ማናል