አንድ ዲስክ ለሁለታችን

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

አሁንም ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ጆሮዬን የኮምፒውተሩ ሣጥን ላይ ለጥፌ ሰማሁት። ስልኩን አስጠግቼ ለአብዱ አሰማሁት። «ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ ዲስክ ኑዛዜውን እያደረገ ነው። ዛሬውኑ ኮፒ ያድርጉት» አለኝ። አብዱ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ዱሉዝ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ፎርክሊፍት የሚባለውን ዕቃ ማንሻ የሚነዳ ወዳጄ ነው። ከሥራ ውጭ ኮምፒውተር ይጠግናል።

ኮምፒውተሩ የባለቤቴ የአስቴር ነው። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ደሴ ያለች እህቷ ዓይኗ ስለደከመ፣ መዝሙረ ዳዊትን በድምጿ እያነበበች ትቀዳላት ነበር። ድምጿ እዚያ ውስጥ ነው። ድምጿ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ። ማሽኑ ሲነሣ ስሟን ጽፎ ይቀበላታል። ፎቶዎቹን ስክሪኑ ላይ እንደ ጥሬ በትናቸዋለች። አንዱንም አላነሣሁም። እንዳለ እንዲቀመጥልኝ ነው የምፈልገው።

ግን እኔም የምሠራበት ያስፈልገኛል። የእሷ ዊንዶውስ አርጅቷል፤ ከጥቅምት በኋላ ጠባቂ የለውም አሉ። ስለዚህ አብዱ ያለኝን ልሞክር ነው። ትልቅ ዲስክ፣ ባለ አራት ቴራ። በአንዱ በኩል የእሷ ዊንዶውስ፣ በሌላው በኩል ለእኔ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ማስኬጃ። ሲበራ «የትኛው?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ጣሪያ፣ ሁለት ክፍል።

ለፍልሰታ ብዬ የሳምንት ዕረፍት ወስጃለሁ። ሱባዔዬን እዚህ ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ከሽቦ ጋር ላሳልፈው ነው መሰለኝ። ይቅር በለኝ።

ኮፒው ጀመረ። እያዘገመ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ለአስቴር ይሁን ለዲስኩ፣ አላውቅም።

ማክሰኞ

ኮፒው አለቀ! ተመስገን። አሮጌው ዲስክ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ያለ የሌለ ጉልበቱን ለእኛ ጨረሰ።

አዲሱን ገጥሜ ከፈትኩት። የአስቴር ስም ወጣ፣ ፎቶዎቹም እንደተበተኑ አሉ። ብቻ አራት ነው የተባለው ዲስክ ሁለት ቴራ ብቻ ያሳያል። ግማሹ የት ገባ? ሻጩን በሆዴ ሰደብኩት። ጾም ይዤ።

አብዱ በስልክ ሣቀብኝ። «ሻጩን አይርገሙት። አሮጌው የዲስክ አከፋፈል ዘዴ ከሁለት ቴራ በላይ መቁጠር አይችልም። ወደ አዲሱ አከፋፈል መለወጥ ነው።» የሚጻፈውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ነገረኝ። መነጽሬን ሁለቴ ጠርጌ ጻፍኩት። ሠራ! ሙሉው አራት ታየ። ልጄ ሜሮን ብታየኝ አልኩ።

አጥፍቼ አበራሁት።

ጥቁር። ስም የለም፣ ፎቶ የለም። አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ጥግ ላይ ብልጭ ትላለች።

አብዱ ሥራ ገብቷል፤ ስልክ አያነሣም። ሜሮን ከሳንዲ ስፕሪንግስ ደወለች፤ እዚያ ሆስፒታል ነርስ ናት። «አባዬ፣ ጀስት አዲስ ላፕቶፕ ልግዛልህ፣ ኦኬ?» አለች። ኦኬ አልኳት። እናትሽ ጠፋችብኝ ብዬ እንዴት ልንገራት።

ረቡዕ

ቤዝመንት አልወረድኩም። ፈራሁ። ከዚህ በላይ ብነካካው የቀረውንም አበላሻለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ጠብቄ ነገርኳቸው። ይሥቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሣቁም። «ጸሎት ነው የቀዳችው፣ ጸሎት ደግሞ የሚደርስበት ደርሷል፤ ለእሷ አትጨነቅ» አሉኝ። ቀጥለው፣ «አንተስ? እዚያ ቤዝመንት ስትወርድ ልትሰማት ነው ወይስ ልትደበቅ?»

መኪና ውስጥ ቁልፉን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ሰው ቤት ሲጠራኝ «ኮምፒውተሩ ላይ ሥራ አለኝ» እላለሁ። ሥራዬ ወንበሯ ላይ መቀመጥ ነው። መደበቅ ይባል ይሆን? ወይስ ሚስቱን የሚወድ ሰው እንዲህ ነው? ሁለቱም ይመስለኛል።

ሐሙስ

አብዱ ከሥራ በፊት መጣ። ሻይ አፈላሁለት። «እርስዎ እየጾሙ እኔ ፊትዎ ልጠጣ? የጉድ ነው!» አለ። «ጠጣ፣ በረመዳን ትክሰኛለህ» አልኩት። ጠጣ። ስኳር ጨመረ።

ማሽኑን አበራና ገና ሲነሣ አንድ ቁልፍ ደጋግሞ መታ። ሰማያዊ የማስተካከያ ገጽ መጣ። «አዩ፣ እርስዎ የቤቱን በር በሌላ ግድግዳ ከፍተዋል። ማሽኑ አሁንም በድሮው በር ነው የሚያንኳኳው። ማንም አልነገረውም።» አንድ መስመር ለወጠ። አጠፋ፣ አበራ።

አስቴር። ስሟ ወጣ።

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አብዱ የወደቀ ብሎን የሚፈልግ መስሎ ጠረጴዛ ስር ገባ። ምንም አልወደቀም ነበር። አላህ ይስጠው።

ከዚያ ባዶው ግማሽ ላይ ሊኑክስን ጫንን። መጀመሪያ ግን የእሷን ድምፆች በሙሉ ፍላሽ ላይ አስቀዳኝ። «አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ነው» ይላል። የእኔ ክፍል ገና አዲስ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ባዶ ነው፤ ስሜን ጠየቀኝ፤ ታደሰ አልኩት። የአማርኛ መጻፊያም አለው!

ዓርብ

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ።

መኪናዬ ጋራዥ ስለሆነች ቅዳሴ አልሄድኩም። ስልኬን ላይ ቤት ትቼ ቤዝመንት ወረድኩ፣ የእሷን ዊንዶውስ ከፍቼ ዳዊቷን ሰማሁ። መስኮት የለውም ቤዝመንቱ። የኮምፒውተሩን ሰዓት ሳይ ዘጠኝ፣ የጾም መፍቻ። ጊዜው እንዴት ሄደ! ደስ አለኝ፤ ጸሎት ላይ ሆኜ ረሃቡ ሳይሰማኝ ቀረ ብዬ፣ ትንሽ ኮራሁም።

ወጥቼ አማተብኩና በላሁ። ሽሮ፣ ጎመን፣ እንደገና ሽሮ። የምድጃው ሰዓት ግን አምስት ይላል፣ ከረፋዱ። መብራት ሄዶ መጥቶ ይሆናል ብዬ የምድጃውን ሰዓት ወደ ዘጠኝ አስተካከልኩት!

ሜሮን ደወለች። «ምን እየሠራህ ነው አባዬ?»

«ጾሜን ፈታሁ።»

«በጠዋቱ?»

አብዱ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ሊኑክስ ሲገባ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር አስቀምጦት ነበር፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንዳለ አንብቦ አራት ሰዓት ቀደመ። ሁለቱ አንድ ቤት እየኖሩ በሰዓት አልተስማሙም። አስቴርና እኔም እሑድ እሑድ እንዲሁ ነበርን፤ እሷ መኪና ውስጥ፣ እኔ ካልሲ ፍለጋ።

የነፍስ አባቴ ጋ ደወልኩ። «ሰይጣን ድሮ በእባብ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ በኮምፒውተር መጣብህ?» ብለው ሣቁ። ሳል እስኪይዛቸው። «ከአሁን ጀምረህ እስከ ማታ ቆይ፣ ሌላ የለብህም» አሉኝ። እኔም ሣቅሁ። ሆዴን ይዤ፣ ብቻዬን፣ ወጥ ቤት ቆሜ። መቼ እንደዚያ እንደሣቅሁ ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ

አብዱ በስልክ ሁለቱን በሰዓት አስታረቃቸው፤ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር። ከዚያ፣ «ቁልፍ ሳይነኩ ከቆዩ በራሱ አንዱን ይከፍታል። የትኛው ይሁን?» አለኝ።

«የእሷ» ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» አልኩት። «እንዴ ጋሽ ታደሰ፣ ምርጫ ቦርድ ሊሰበሰብ ነው?» አለ።

ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አሰብኩት። የጎረቤት ሣር ማጨጃ ይጮኻል። ብትኖር ምን ትል ነበር ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሁልጊዜ እሷን ማስመስከር ልማድ ሆኖብኛል። ይሄን ራሴ መመለስ አለብኝ።

ደውዬ «የእኔ ይሁን» አልኩት። አብዱ «መልካም» ብሎ ትእዛዙን ነገረኝ። ቀልድ አልጨመረም።

ጻፍኩ፣ አጥፍቼ አበራሁ። ሁለት መስመር መጣ፤ እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ወደ ታች ለመውረድ አንድ ቁልፍ ይበቃ ነበር። አልነካሁም። ወደ እኔ ክፍል ገባ።

ከድቻት ይሆን? ደረቴን አዳመጥኩ። እንደዚያ አይሰማኝም። ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ያው አዲስ ክፍል ነው።

ይህን የምጽፈው እዚያ ሆኜ ነው።