ሦስት እርምጃ ያልኩህ

ውድ ወንድሜ፣

ጽሕፈቴን ስታይ ደብዳቤውን ቀዳደህ ልትጥለው እንደምትችል አውቃለሁ። ግድ የለም፤ ብቻ አንብበኸው ቅደደው። ነገሩ የእኔና የአንተ ብቻ ቢሆን አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር። የአባትህ ነገር ነው።

የዚያን ቀን ሰርግ ስናነሳ ውለን ስቱዲዮ ስንገባ ሁለታችንም ሥራው እጅ እጅ ብሎን ነበር። "ዙሙ አሰነፈን" አልከኝ። "ባለንበት ተገትረን ሰው እንጎትታለን። ስድስት ወር በሃምሳዋ ሌንስ ብቻ አንስተን ዐውደ ርዕይ እናሳይና ይዋጣልን።" ሃምሳዋ አታቀርብ፣ አታርቅ። የሰውየውን ፊት ከፈለግህ አጠገቡ ድረስ መሄድ፣ ሄደህም ሰላም ማለት ግድ ነው። ሌሎቹን ሌንሶች ካርቶን ውስጥ ከተን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልናቸው።

አንተ ቃልህን ጠበቅህ። ጫማ ሰፊው፣ በያጁ፣ ዳቦ ሻጯ፣ ሁሉም በስምህ እስኪጠሩህ ድረስ ተጠግተህ አነሳሃቸው። እኔ ሰው መጠጋት ይከብደኛል። "ላንሳዎት?" ልል ስል ምላሴ ይተሳሰራል። ዐውደ ርዕዩ አንድ ወር ሲቀረው እጄ ላይ አንድም የረባ ፎቶ አልነበረም። አንተ በሌለህበት ካርቶኑን አወረድኩት።

የስቱዲዮው መስኮት ጋ ቆሜ ከሩቅ የሚያቀርበውን ረጅሙን ሌንስ ስሞክር ነው አባትህን ያየኋቸው። ከመንገዱ ማዶ፣ ፀጉር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ከሸሚዛቸው ቁልፍ ጋር ይታገላሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ እጅ ለአንዲት ቁልፍ ተሸነፈ። ቀና ብለው ሰው እንዳያያቸው ግራ ቀኝ ቃኙ። ወርጄ ልቆልፍላቸው ሲገባ ፎከሱን አስተካከልኩ። አነሳኋቸው።

ዐውደ ርዕዩ ላይ ሰው ሁሉ እዚያ ፎቶ ፊት ተኮለኮለ። አንተም መጣህ። የአባትህን ሕመም ከግድግዳ ላይ ተረዳህ። ትጮህብኛለህ ብዬ ስጠብቅ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ "ስንት እርምጃ ላይ ነበርክ?" አልከኝ።

አዘጋጁ አጠገቤ ቆሟል። "ሦስት" አልኩህ።

"አባዬ ስታነሳው ያውቅ ነበር?"

"ፈቅደውልኝ ነው።"

ውሸት ብቻዋን አትሄድም መሰለኝ፤ ሁለተኛዋ ሳላስባት ወጣች።

ከዚያ በኋላ ቤታችሁ የሆነውን እህትህ ነገረችኝ። "ከልጅህ ደብቀህ ለባዳ ታሳያለህ?" አልካቸው። "ልጄ፣ ማንም አጠገቤ አልመጣም፤ ማንም አላነሳኝም" ቢሉህ "ውሸታም" ብለሃቸው ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ። ይህን ሰምቼም ዝም አልኩ። ፎቶው ሲወደስ አንገቴን ደፍቼ ምስጋና ተቀበልኩ። ስምንት ወር።

ባለፈው ሳምንት አባትህ ዘንድ ሄድኩ። ወንበር ሳቡልኝ፤ እኔ ግን ቆሜ ነገርኳቸው፦ መስኮቱን፣ ረጅሙን ሌንስ፣ ለአንተ ያልኩህን። ይረግሙኛል ስል እንዲህ አሉኝ፦

"እኔኮ አእምሮዬም የከዳኝ መስሎኝ ነበር። ልጄ በከንቱ አይቆጣም፤ ፈቅጄ ተነስቼ ረስቼው ነው አልኩ። እጄ ሄደ፣ አሁን ደግሞ ጭንቅላቴ እያልኩ ራሴን ስፈራው ከረምኩ።"

ወንድሜ፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

"እርስዎ ለምን አይደውሉለትም?" አልኳቸው።

"እኔ ብነግረው ያምነኛል? አንተ ንገረው። አንተን ነው ያመነው።"

አዘጋጁ አዳራሹ ውስጥ እስካሁን ሰቅሎት የነበረውን ፎቶ አስወርጄዋለሁ። እንዴት እንዳነሳሁትም ለአዘጋጁ በፊርማዬ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ይህን የምነግርህ እንድታመሰግነኝ አይደለም፤ ዘግይቷል። የእኔን ይቅርታ ሌላ ቀን፣ ከፈለግህም ጨርሶ ተወው።

አባትህ አልዋሹህም። የዋሸሁህ እኔ ነኝ። ይህን እንዳነበብክ ደውልላቸው። ስልኩን ከኪሳቸው እስኪያወጡ እጃቸው ጊዜ ይወስድባቸዋልና፣ ቶሎ አትዝጋው።

ያመንከውና የበደለህ፣
ጓደኛህ