አቶ ፈቀደ ላምቦሬ፦ ታላቅ ወንድማቸውን ይዘው እንግሊዝኛ ክፍል የገቡት ሰው (1944–2017 ዓ.ም.)

አቶ ፈቀደ ላምቦሬ ከአባታቸው ከአቶ ላምቦሬ ሀንዲሶ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ታደለች ኤርሲዶ በዱራሜ አቅራቢያ ጥር 23 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን እንኳ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም። እናታቸው «የበቆሎ እሸት ጊዜ ነበር» ይሉ ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ ግን በእሸት መታወቂያ አልሰጥም ስላለ፣ ጥር 23 የእርሱ ስጦታ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆይቷል።

ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያው ልጅ አቶ አየለ ላምቦሬ ሲሆኑ፣ የአቶ ፈቀደን ታሪክ ያለ እርሳቸው መናገር አይቻልም። አቶ ፈቀደ ራሳቸው አንድ ጊዜ ሞክረውት ነበር፤ እንዴት እንዳልሆነላቸው ወደ ታች ስንደርስ እንሰማዋለን።

አቶ አየለ ቀድመው አዲስ አበባ ገብተው ኮልፌ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፉ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ለመስቀል አገር ቤት ወርደው ሲመለሱ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ፈቀደን ለእናታቸው «ከተማ አሳይቼው እመልሰዋለሁ» ብለው ይዘውት መጡ። ሳይመልሱት ቀሩ። ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ዩኒፎርሙንም ከደንበኛ ከተረፈ ካኪ ራሳቸው ሰፉለት። የሱሪው አንዱ እግር ከሌላው ጠቆር ያለ ስለነበር የክፍል ልጆች «ጀንበር» እያሉ ይጠሯቸው እንደነበር አቶ ፈቀደ ሲያጫውቱ ኖረዋል፤ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ምሽት ማለታቸው ነው። በዚያው ሱሪ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት አገለገሉ። ኋላም አየር ጤና የራሳቸውን የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፈቱ። በቤቴልና በአካባቢው ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ በእርሳቸው ሚስማር የቆሙ ናቸው፤ የሚያፈሱትን ጣሪያዎች በተመለከተ ግን ጥፋቱ የአናጢው እንደነበር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለወጡም።

በ1972 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰብሌ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ብሩክንና ሆሳዕናን ወለዱ። ቤታቸው የጸሎትና የሳቅ ቤት ነበር። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸውም በዲቁና ለረጅም ዘመን አገልግለዋል።

በ2003 ዓ.ም. ልጃቸው ብሩክ ሚስት ሊያገባ ሆነና ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። የልጅቷ ወላጆች የተማሩ፣ ቁጥብና ሳቅ የማያበዙ ሰዎች ነበሩ። አቶ አየለ ደግሞ በቀልዳቸው ይታወቃሉ። ከዚያ በፊት ለጎረቤት ልጅ በሽምግልና ሄደው «ልጅቷን ስጡን፤ ካልሰጣችሁንም ምሳችንን ስጡን» ብለው ቤቱን በሳቅ ያፈረሱ ሰው ናቸው። ልጅቷም ተሰጥታለች፤ ምሳውም ተበልቷል። አቶ ፈቀደ ግን ፈሩ። አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቋቸውን ወንድማቸውን ትተው፣ አንደበተ ርቱዕ የሆኑ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በፊታውራሪነት ላኩ። ለአቶ አየለም «መንገዱ ያደክምሃል ብለን ነው» የሚል መልእክት ሰደዱ።

መንገዱ አቶ አየለ ከሚኖሩበት ከአስኮ እዚያው አዲስ አበባ እስካለው ቤቴል ነበር።

አቶ አየለ «ከነሕይወቴ ቀበረኝ» ብለው ከሠርጉ ቀሩ። ለወንድማማቾቹም አሥራ አንድ ዓመት የዝምታ ዘመን ሆነ። በመሐሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች በተደጋጋሚ አስኮ ወጥተዋል። አቶ አየለ በክብር ተቀብለው፣ አብልተው፣ አጠጥተው ይሸኟቸውና በር ላይ ሲደርሱ «ፈቀደ ሽማግሌ መምረጥ ያውቅበታል፤ አሁንም ጥሩ ተናጋሪ ልኮልኛል» ይሏቸው ነበር። አቶ ፈቀደ መልእክቱ በደረሳቸው ቁጥር ከበፊቱ የተሻለ ተናጋሪ ይፈልጉ ነበር። ጥፋቱ ሽማግሌ መላኩ መሆኑን ለማየት ጊዜ ፈጀባቸው። ሌሊት ሌሊት «ሳንገናኝ አንዳችን ብንሄድስ?» ይሉ እንደነበር ወ/ሮ ሰብሌ ይመሰክራሉ።

በ2014 ዓ.ም. አቶ ፈቀደ በሰባ ዓመታቸው ተማሪ ሆኑ። ምክንያቱ አብራቸው የምትኖረው የብሩክ ልጅ ሄቨን ናት። ሄቨን ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ በእራት ሰዓት ከአባትና ከእናቷ ጋር በእንግሊዝኛ ብቻ ማውራት ጀመረች። አያቷ ሦስት ወር ሙሉ እንደ እንግዳ ፈገግ እያሉ ሲበሉ ቆይተው አንድ ቀን «በገዛ ቤቴ አስተርጓሚ ልቅጠር?» ብለው ተነሡ። በሳምንቱ ቤቴል ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገቡ። ብቻቸውን እንዳያፍሩም የሱቅ ጎረቤታቸውንና የልብ ወዳጃቸውን አቶ ጀማልን ጎትተው አስገቡ።

አስተማሪያቸው ራዕይ የምትባል ወጣት ነበረች። የራሷ የሆነ የማስተማር መንገድ ነበራት። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ፀጉራቸው ቢጫ የሆኑ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ዘለለቻቸው። «የማታውቁትን ቤተሰብ ምን አከራከራችሁ? የራሳችሁን አምጡ» አለች። ትምህርቱ ስለ ትዳር ከሆነ ተማሪው ባለቤቱን፣ ስለ ወዳጅነት ከሆነ ወዳጁን በአካል ይዞ መጥቶ፣ ክፍሉ ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ያስተዋውቃል። አቶ ፈቀደ በመጀመሪያው ተራ ወ/ሮ ሰብሌን አቅርበው «ሚስቴ ናት፤ አለቃዬም ናት» በማለት ሙሉ ውጤት አገኙ። በሁለተኛው ተራ ወዳጃቸው እዚያው የተቀመጡት አቶ ጀማል ስለነበሩ ድካም አልነበረውም። ሦስተኛው ትምህርት እኅትና ወንድም የሚል ሆነ።

አቶ ፈቀደ እጃቸውን አውጥተው በእንግሊዝኛ «እኔ ወንድም የለኝም» አሉ። ዓረፍተ ነገሩ ያለ ስሕተት ነበርና ራዕይ ልታመሰግናቸው ስትል፣ አቶ ጀማል በአማርኛ ገቡበት፦ «አንተ ሰውዬ፣ አስኮ ያለው ታዲያ የእኔ ወንድም ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። አቶ ፈቀደ አልሳቁም። ራዕይ ነገሩን ጠይቃ ከተረዳች በኋላ «ጋሽ ፈቀደ፣ ያለ ወንድም ወደ አራተኛው ትምህርት አላሳልፍዎትም» አለቻቸው። ትሑት ልጅ ናት፤ በውጤት ቀልድ ግን አታውቅም።

ሐሙስ ዕለት አቶ ፈቀደ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሽማግሌም ሳያስከትሉ፣ በሁለት ታክሲ አስኮ ሄዱ። በሩን የከፈቱላቸው አቶ አየለ ራሳቸው ነበሩ።

«ብቻህን ነህ? ተናጋሪውን የት ጣልከው?»

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ። አስተማሪዬ ናት የላከችኝ።»

አቶ አየለ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። «ስንተኛ ክፍል ደረስክ?»

«አንደኛ።»

«ወድቀህ ነው?»

«ልወድቅ ነው። ወንድም አምጣ ተብዬ ነው የመጣሁት።»

አቶ አየለ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ከዚያ «ቅዳሜ ስንት ሰዓት?» አሉ።

ቅዳሜ አቶ አየለ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አቶ ፈቀደ ከጎናቸው ቆመው ጀመሩ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ከአዳም ተነሥተው፣ ሁለት ምሳሌና አንድ ጥቅስ አስገብተው ጥፋቱን ለሁለት ያካፍሉት ነበር። በእንግሊዝኛ ግን ጥፋት የሚካፈልበትን ቃል ገና አልተማሩም፤ እርሱ ሰባተኛው ትምህርት ላይ ነው። ስለዚህ ያላቸውን ጥቂት ቃል አንድ በአንድ ተናገሩ። ሲጨርሱ ክፍሉ ጸጥ አለ።

አቶ አየለ ዙሪያውን ተመለከቱ። «ምን አለ? ሰው ለምን ዝም አለ? ተሰደብኩ እንዴ?»

«ኧረ አልተሰደቡም ጋሽ አየለ» አሉ አቶ ጀማል፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ራዕይ ልትተረጉምላቸው ከወንበሯ ስትነሣ እጃቸውን አነሡ። «ተይው የኔ ልጅ። ተናጋሪ አልፈልግም። ራሱ ይንገረኝ።»

አቶ ፈቀደ ያንኑ በአማርኛ ደገሙት። ትርጉም ነውና ምንም ሊጨምሩበት አልቻሉም። «ይህ ወንድሜ ነው። ከእኔ ይበልጣል። ከገጠር ያመጣኝ እሱ ነው። ሱሪ ሰፋልኝ። ትምህርት ቤት አስገባኝ። ልጄ ሲያገባ እሱን አልላክሁትም። ሰው ፈርቼ ነው። እሱ ጥሩ ነው። እኔ ጥሩ አልነበርኩም። እወደዋለሁ።»

አቶ አየለ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። «ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ የደከምከው?» አሉ በመጨረሻ። «በአማርኛውም ይገባኝ ነበር እኮ።»

«በአማርኛው አልወጣ ብሎኝ ነው ጋሼ።»

አቶ ፈቀደ ጉልበት ሊስሙ ዝቅ ሲሉ ታላቃቸው ትከሻቸውን ይዘው አነሷቸው። «ተነሥ፣ ፈተና ላይ ነህ» አሏቸው። ራዕይ ያን ቀን ለማንም ውጤት መስጠት አልቻለችም።

ከዚያ ወዲህ አቶ አየለም ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን አዘወተሩ። ለምን እንደሚማሩ ሲጠየቁ «የምመልስለት ነገር አለኝ» ይሉ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሆሳዕና ስትታጭ፣ የሙሽራውን ሽማግሌዎች በቤቱ ራስ ተቀምጠው የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው። እንግዶቹ በሳቅ ብዛት የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ ሊመለሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አቶ ፈቀደ ያን ቀን ከሁሉም በላይ ሲስቁ ታይተዋል።

እንግሊዝኛቸው እስከ መጨረሻው የሚያኮራ አልሆነም። ሄቨን ግን አያቷ አንድ ተረት በእንግሊዝኛ ሊነግሯት አምስት ቃል እየፈለጉ ሲያልባቸው ስታይ አዘነችላቸውና በእራት ሰዓት ወደ አማርኛ ተመለሰች።

አቶ ፈቀደ ባለፈው አንድ ዓመት በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ለሕክምና በሚሄዱበት ቀን ሁሉ አቶ አየለ ከአስኮ ተነሥተው አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር። አቶ ፈቀደ ለእያንዳንዷ ተረኛ ነርስ «ይህ ታላቅ ወንድሜ ነው» እያሉ በእንግሊዝኛ ያስተዋውቋቸው፣ ነርሶቹም በአማርኛ «አውቀናቸዋል አባባ፣ ትናንትም ነግረውናል» ይሏቸው ነበር። እርሳቸው ግን ማስተዋወቁን አልተዉም። መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በተገኙበት ወደሚወዱት ጌታ ተሰበሰቡ።

አቶ ፈቀደ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የአንዲት ልጅ አያትና ለብዙዎች ወዳጅ ነበሩ። ወ/ሮ ሰብሌን፣ ብሩክንና ሆሳዕናን፣ ሄቨንን፣ አቶ ጀማልንና የቅዳሜውን ክፍል ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናና። የፈጠራቸው ጌታ የድካማቸውን ዕረፍት፣ የፍቅራቸውንም ዋጋ በፊቱ ይክፈላቸው።

በሐዘኑ ድንኳን ከበሩ ትይዩ ተቀምጠው እናንተን የሚቀበሉት አቶ አየለ ላምቦሬ ናቸው። እዚያ ይቀመጡ ያላቸው የለም፤ የወንድም ቦታ ነው።