የስኮርታው ቦታ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ወንድምዓለሜ፣ እንደምን ከርመሃል? መሪ ስትይዝ የሚያምህ ትከሻህስ ተሻለህ ወይ? ያለህበት ቦታ ይበርዳል? ሹራብህ እዚህ ስለቀረች ነው የምጠይቅህ፤ አሁንም ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ተንጠልጥላለች። እኔ ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። አንተን ግን ዋሽቼህ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም።

ከቀብርህ በኋላ ቤታችን የሰነበተው ሰው ትናንት ተበተነ። ለቀስተኛው ሲያወራ የከረመው ስለ አንተ ሳይሆን ስለ ጎማ ነው። ጎረቤታችን ጎሚስታው፣ «ሰው ቤቱን ጭኖ እየዞረ አንድ ስኮርታ መጫን እንዴት ያቅተዋል?» አለ። አጎታችን፣ «ተወን እስቲ አንተ ሰውዬ፤ ቀኑ ከደረሰ አሥር ጎማ ብትጭንስ?» አለው። ጎሚስታው ግን፣ «ትርፍ ጎማ ቢኖረው በእግሩ ምን ሊያደርግ ይወጣ ነበር?» ብሎ መለሰለት። እማዬ ይህን ስትሰማ ወጣች፤ ያጠበችውን ልብስ ከገመድ ላይ አውርዳ እንደገና አጠበችው።

ያቺን አሮጌ ሚኒባስ ገዝተህ አልጋና ምድጃ ስትሠራላት፣ ስኮርታውን ከሥር የሚይዘው ብረት ዝጎ ወድቆ ነበር። ስለዚህ ጎማውን የእኔ አልጋ እግርጌ አስገባኸው። አንተ ከከተማ ከተማ እየዞርክ ፍሪጅ ስትጠግን፣ እኔም ትምህርት ሲዘጋ ስከተልህ፣ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ ነበር የምተኛው። ዘንድሮ ቁመቴ ተመዝዞ ሰንበሌጡ እያልክ ትጠራኝ ጀመር። ልንነሳ ስንል ጎማውን ጎትተህ አወጣኸውና አጥሩ ሥር ጣልከው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ «ስኮርታ ሳትይዙ ከዚህ ግቢ አትወጡም» አለች። አንተ እየሳቅክ፣ «እማዬ፣ ጎማው ከሚተኛ ሰንበሌጡ ይተኛ። ፓምፕና ማስቲሽ ይዘናል፤ ቢተነፍስ ለጥፈን እንሄዳለን» አልካት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ማስቲሽ ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይለጥፍም። መንገድ ላይ ያ ስለታም ድንጋይ ጎማውን ሲሸረክተው ሁለታችንም ድምፁን ሰማን። ከነቸርኬው ፈትተህ፣ ሌላ ለማስገጠም እያንከባለልክ ሄድክ። «በሩን ዝጋና ሻይ ጣድ፤ ሳይፈላ እደርሳለሁ» ብለኸኝ ነበር። መታጠፊያው እስኪሰውርህ አየሁህ። አንድ የጭነት መኪና ከመታጠፊያው ማዶ እንደገጨህ ሰዎች መጥተው ሲነግሩኝ፣ ውሃው ተንኖ አልቆ ማንቆርቆሪያው አርሮ ነበር።

አባዬ ሌላ ጎማ ተገጥሞላት የተመለሰችውን መኪና ግቢው ውስጥ ማየት አልቻለም፤ ሊሸጣት ነው። ትናንት የመጣው ገዢ ደህና ሰው ነው። አንተ የሠራኸውን ተጣጣፊ ጠረጴዛ እያነሳ እያወረደ አደነቀ። ከዚያ፣ «ስኮርታስ አላት?» ብሎ ጠየቀ። አባዬ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቆሞ ቀረ። «አላት፤ አጥሩ ሥር ነው ያለው» ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ከሰዓት መጥቶ ይወስዳታል።

እማዬና አባዬ በአፋቸው ባይሉትም ሰላም ብለውሃል። ትንሿ እህታችን፣ «ጎማው እስካሁን አልተሠራም እንዴ?» እያለች ትጠይቃለች። ጎሚስታውም ሲሰናበት እጄን ይዞ ብዙ ቆየ። ለአንተ የላከው ሰላምታ መሰለኝ፤ ተቀበለው።

ማታ መኪናችን ውስጥ አደርኩ። እዚህ ብቻዬን ስነቃ ይህ የመጀመሪያዬ ጠዋት ነው። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሰማሁ፤ አልሄድኩም። ወጥቼ ስኮርታውን ከአጥሩ ሥር አነሳሁት፤ ከሥሩ ያለው ሣር ገርጥቷል። እያንከባለልኩ አመጣሁትና አልጋዬ እግርጌ፣ የድሮ ቦታው ላይ አስገባሁት። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ፣ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ይጠባል። ግን ይበቃኝ ነበር፣ ወንድምዓለሜ።

ታናሽ ወንድምህ ሰንበሌጡ
ከመኪናችን ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት