የእህቴን ስምና የቤት አድራሻ በየገጹ ራስጌ ላስጻፉት ኃላፊ

ለተከበሩ የማተሚያ ድርጅቱ የረቂቅ ተቀባይ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? መንጋጋዎ ደህና ነው? እንደ ልብ ያላምጣል? የጎድን አጥንቶችዎስ በየቦታቸው አሉ? የቀኝ እጅዎ ጣቶች ይታጠፋሉ? ይህን ሁሉ የምጠይቀው ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ። እኔ ቤት የተኛችው ታናሽ እህቴ ከእነዚህ አንዱም ደህና ስላልሆነላት፣ የእርስዎ እንኳ ተርፎ ከሆነ ተመስገን ለማለት ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እህቴን አናጢው ባሏ ለዓመታት ሲደበድባት ኖሮ፣ አንድ ቀን ሥራ ወጣ ሲል በለበሰችው ልብስ እኔ ጋ ሸሸች። እሱ የማያውቀው ሰፈር ቤት ተከራየን። የደረሰባትን ሁሉ በብዕር ስም ጻፈችው፤ እኔም ከስፌት መኪናዬ ጎን ኮምፒውተር አስቀምጬ ተየብኩላት። መጽሐፉ እርስዎ ክፍል ሲገባ ስሟም ሰፈሯም የትም ቦታ አልነበረም። ይህ ሰው ካገኛት እንደሚገድላት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ወንበር ሳይሰጡኝ ቆሜ ነግሬዎታለሁ። እርስዎም ጥርስዎን እየጎረጎሩ ሰምተውኛል፤ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር ማስቀመጤ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

፩. ረቂቁን መጀመሪያ የመለሱልን የርዕሱ ገጽ ላይ የአንድ ቁጥር ስላረፈበት ነበር። ስለ ተጻፈው ነገር ምንም ያሉት የለም፤ ያቺን አንድ ቁጥር ግን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በቀይ እስክሪብቶ ከበዋታል። ልክ ነዎት፤ የርዕስ ገጽ ቁጥር አይጻፍበትም። እኔም ከዚያ ገጽ ላይ ባጠፋት ከመጽሐፉ ሁሉ ጠፋች። መልሼ ባስገባት ሁሉም ገጽ ላይ ተመልሳ መጣች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እርስዎን መደብደብ ባልችል የኮምፒውተሩን መተየቢያ በጡጫ አልኩት፤ ሁለት ፊደል ተነቅሎ ወለል ላይ ተበተነ። የርዕሱን ገጽ ከተቀረው የሚለይ፣ የክፍል መቁረጫ የሚባል ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

፪. ቀጥሎ የየምዕራፉ ርዕስ በየገጹ ራስጌ ይቀመጥ አሉን። የሁለተኛውን ርዕስ ስጽፍ የአንደኛውም አብሮ ተለወጠ። ለካስ ከቀዳሚው ጋር አያይዝ የምትል ትእዛዝ ተደብቃ ኖሯል፤ በየምዕራፉ እየገቡ ማላቀቅ ግድ ነው። እህቴ ይህን ስታይ፣ እኔስ ከቀዳሚው የተላቀቅኩት በሩጫ ነው ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያን ጊዜ የምትስቅበት መንጋጋ ነበራት።

፫. ከዚያ ዋናው መመሪያ መጣ፦ የደራሲው ሙሉ ስም፣ ስልክና የቤት አድራሻ በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ይጻፍ፤ አንድ ገጽ ወድቆ ቢገኝ የማን እንደሆነ ይታወቅ ዘንድ። ለመንኩዎት። አገልጋይዎ ልሁን አልኩ። መመሪያ መመሪያ ነው፤ ወረቀቱም ከዚህ ክፍል አይወጣም ብለው ቃል ሰጡኝ። እህቴ መጽሐፏ እንዲወጣላት ከመጓጓቷ የተነሳ አድራሻችንን በገዛ እጇ ጻፈችው። እርስዎ ግን የገጹ ቁጥር መሀል መሆን ሲገባው ወደ ቀኝ ሄዷል ብለው አዲስ ቅጂ እንድናመጣ አዘዙ፤ የቀድሞውንም ክፍልዎ ለመጠቅለያ ይሁን ብሎ በራችሁ ፊት ለፊት ላለው የብረታ ብረት ሱቅ ሰጠው።

ሱቁ ሚስማር በወረቀት ጠቅልሎ ይሸጣል። ሚስማር የሚገዛው ደግሞ አናጢ ነው። ለእህቴ ባል ገጽ አርባ ሦስት ደረሰው። ወድቆ የተገኘው ገጽ የማን እንደሆነ ወዲያው ታውቋል፤ መመሪያዎ ሠርቷልና ደስ ይበልዎ።

መዶሻውን ይዞ መጣ። በሩን በእግሩ ገነጠለው። በጡጫ መንጋጋዋን ሰበረው፤ ስትወድቅ ጎኗን ረገጠው፤ ከዚያ ቀኝ እጇን ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የጻፈችበትን ጣት ሁሉ በየተራ ቀጠቀጠው። የአጥንቱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔም የጋለውን ካውያ አንስቼ ማጅራቱ ላይ አጋደምኩት፤ ሥጋው እስኪሸት ድረስ አላነሳሁለትም። አልተጸጸትኩም። ጎረቤት ደርሶ ባይዘኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከእስር ቤት ነበር። አሁን እዚያ ያለው እሱ ነው።

፬. ይህን ሁሉ ልነግርዎ ቢሮዎ ስመጣ ከልብ አዘኑ፤ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ከንፈርዎን መጠጡ። ወዲያው ደግሞ የገጹ ቁጥር መሀል ገብቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልናገር፤ ከእሱ ይልቅ እርስዎን እጠላዎታለሁ። እሱ ሲመታ ቢያንስ ፊቷን ያያል።

እህቴ አሁን በግራ እጇ እንደ ሕፃን እየሞነጫጨረች ነው የምታናግረኝ። አፏ ተሰፍቶ መናገር ስላልቻለች የጻፈችልኝ የመጀመሪያ ነገር፣ የብዕር ስሙ ይሰረዝና ሽፋኑ ላይ የራሴ ስም ይግባ የሚል ነው። ከማን ልደበቅ ነው ብላ ጨመረችበት። ስለዚህ ስሟ ሽፋኑ ላይ ገብቷል፤ የርዕሱ ገጽ ቁጥር የለውም፤ ምዕራፎቹ ከቀዳሚያቸው ተላቀዋል፤ ቁጥሩም መሀል ነው። ረቂቁን በእጄ አመጣዋለሁ፤ ፈርመው ይቀበሉኛል። ካልተቀበሉኝም ማተሚያ ቤት እርስዎ ብቻ አይደሉም። መጽሐፉ ይወጣል።

ሰው ከሚተርፍ መመሪያ ይትረፍ ለሚለው ጽኑ አቋምዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለክፍልዎ ባልደረቦችና ለቀይ እስክሪብቶዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

የደራሲዋ ታላቅ እህት፣ ተያቢና አስታማሚ

ማስታወሻ፦ በአዲሱ ቅጂ ገጽ አርባ ሦስት ላይ አንድ እርማት ስላለ እንዳይደናገሩ። ቀድሞ በቀበቶ ገረፈኝ ይል የነበረው አሁን በውሃ ጎማ ገረፈኝ ይላል። ሰውየው በሩን ገንጥሎ ሲገባ መጀመሪያ የጮኸው፣ ውሸታም፣ በቀበቶ መቼ ገረፍኩሽ፣ በጎማ ነው እንጂ እያለ ነበር። ደረጃው ላይ የነበረ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል፤ እህቴም ስታስበው እውነት ሆኖ አገኘችው። እንግዲህ የማተሚያ ድርጅታችሁ ደጅ ከረገጠ ጀምሮ ይህን መጽሐፍ አንድ ገጽ እንኳ በጥንቃቄ ያነበበው እሱ ብቻ ነው።