«ዘላቂ» የምትባል ቃል

…ያኔ እቤት ሳለን አንቺ ሽማግሌውን ጎረቤታችንን ከጎን ወደ ጎን ስታገላብጪ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አፍንጫዬን ይዤ ነበር። «ግባ ወይ ውጣ፤ በሩን ግን ዝጋው፤ ይበርደዋል» አልሽኝ። የቱን እንዳደረግሁ አላስታውስም።

እታለም፣ ሰላምታዬ ዘገየብሽ። ወገብሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? አልጋ ላይ ውለው የምትጦሪያቸው አዛውንቶችስ እንዴት ሰነበቱ?

እኔ ደህና ነኝ። ወንበሬ ይሽከረከራል፣ ሥራዬም እንደዚያው። ባለጸጎች እርዳታ የሚሰጥ ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ ለምን እንዳቋቋሙት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግራቸው ሰው ይቀጥራሉ። «የተልዕኮ መግለጫ» ይሉታል። ያ ሰው እኔ ነኝ። አንቺ ፍራሽ ለመገልበጥ መግለጫ አስፈልጎሽ አያውቅም።

አሁን ያለሁበት ድርጅት «እንሰጣለን» በምትለው ቃል ላይ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። ሊቀመንበሩ፣ ሰው ጨብጦ እጁን በመሐረብ የሚጠርግ ሰውዬ፣ «መስጠት ልመናን ይጠራል» አለ። በምትኩ «እናመቻቻለን» ገባች። ጸሐፊዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ቀብርም እኮ ይመቻቻል» አለችኝ። ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። «በአረጋውያን ሕይወት ለውጥ እናመቻቻለን» ተባለ። ሳነበው አነከሰብኝ። እንዲቃናልኝ ብዬ «ለውጥ» ፊት «ዘላቂ»ን ሰካሁ። ለዜማው ብቻ። ምን ማለት ነው ያለ አልነበረም። አጨበጨቡ፣ በመስታወት አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ትናንት ማመልከቻ የምታጣራዋ ልጅ አንድ ወረቀት እያውለበለበች መጣች። «ይሄን እይልኝ፤ ሰዎቹ ሊሞቱ ነው፤ ምኑ ነው ዘላቂው?» ብላ ሳቀች። እግሯ የተንሻፈፈ «ጠ» አየሁ። የእጅ ጽሑፍሽ ነው። ዐሥራ ሁለት ፍራሽ፣ አዛውንቶቹን ስታገላብጪ የምታግዝሽ አንዲት ሠራተኛ ጠይቀሻል። ወንድምሽ የት እንደሚሠራ አታውቂም፤ አፍሬ አልነገርኩሽም። ልጅቷ በቀይ «ዘላቂ አይደለም» ብላበታለች።

አባባ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ሲል መላጣውን እያየን እንስቅበት ነበር። እነዚህን ሰዎች ስንቃቸው ኖሬ፣ ከሁሉም የባሰችውን ቃል የሰካሁት እኔ ሆኜ አረፍኩት።

የማመልከቻዎቹን መውደቅ ዛሬ በስብሰባ ያጸድቃሉ። ቃሏን አውጡልኝ ብል ለእህትህ ነው ብለው እኔንም አንቺንም ያስወጡናል። ዝም ብል ደግሞ ለክረምቱ የምታነጥፊላቸው የለሽም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ፣ ጥርስ እያወለቁ ላሉት መንትዮችሽ፣ ለዐሥራ ሁለቱም በየአልጋቸው ሰላም በይልኝ።

ከስብሰባው ክፍል ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ
ሐሙስ፣ ግንቦት 9 ቀን

ጸሐፊዋ «ትገባለህ ወይስ ትቀራለህ?» አለችኝ። ገብቻለሁ፤ ይህችን ጭኔ ላይ ነው የምጽፋት። ማመልከቻሽ ከሥሯ አለ። ሊቀመንበሩ እጁን እየጠረገ ነው። በሩ ተዘጋ።