የአንጋጫ ፓምፕና የኔ ደብተር

ሰኞ፣ ሆሳዕና

ደብተሬን የራሱ አድርጎ አቀረበው። ማቴዎስ! ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ የተጋራሁት ማቴዎስ!

የውሃ ፓምፖቻችንን ለምታዘው ትንሽ ኮምፒውተር ትእዛዞቿን በየጣቢያው እንደ አዲስ ስንጽፍ ኖረናል። የሚደጋገሙትን ትእዛዞች አንድ በአንድ ሞክሬ፣ ለሁሉም ጣቢያ እንዲያገለግሉ በአንድ ደብተር የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ። ታንከር መሙላቱን የሚያይ፣ ሞተር የሚያስነሳ፣ ሰዓት የሚቆጥር። «ለሁለት ቀን አውሺኝ» አለኝ፤ አዋስኩት፤ መለሰልኝ። ለካ በታይፕ አስመትቶታል። ስሙን ጽፎበት ዛሬ ስብሰባ ላይ ለኃላፊያችን ሰጠ። «ጓድ ማቴዎስ» ተባለና ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ይቆረጥ!

ማክሰኞ

ጠየቅኩት። «ወርቄ፣ የኔና ያንቺ ምንድን ነው? ሁሉም የሕዝብ ነው» አለኝ፣ ካድሬ ሆኖልኝ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እኮ በየሰዉ ቤት ተደብቀን አብረን ነው የምንጸልየው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ከሰዓት በኋላ፣ እስከዛሬ በእጅ ይነሳ የነበረውን የአንጋጫን ፓምፕ በአዲሱ አሠራር ሊያስጀምር ሄደ። በ«እሱ» ደብተር።

ረቡዕ

የታይፑን ቅጂ አየሁ። በኅዳጉ ላይ የጻፍኳቸውን ማሳሰቢያዎች ትቷቸዋል። አንዱ «ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር ይሞላ» ይል ነበር። የየጣቢያው ዘበኞች የሚያውቁት እሱን ስለሆነ ነው እንደዚያ የሠራሁት። ማቴዎስ ደግሞ የእጅ ሰዓቱን በፈረንጅ ነው የሚሞላው፤ ዘመናዊ ነው! የፓምፑንም በዚያ ከሞላው፣ ጉድጓዱ ውሃ እስኪያጠራቅም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ማረፍ ያለበት ፓምፕ ጠዋት አርፎ ቀትሩን ሙሉ በባዶ ሲሠራ ይውላል። ሞተሩ ይቃጠላል።

ስልኩ አጠገቤ ነበር። ይዋረድ አልኩ። አልደወልኩም።

ዓርብ

የአንጋጫው ሞተር ትናንት ተቃጥሏል። ቢሮ ውስጥ «አሻጥር ነው» እየተባለ ይንሾካሾካል። በዚህ ቃል የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ማቴዎስስ ምን አለ? «የሰዓቱ ክፍል የወርቅነሽ ነው።» ስሜ አሁን ትዝ አለው!

ቅዳሜ

ኃላፊው ጠራኝ። የኔ አይደለም ብል እድናለሁ፤ ሥራዬ ግን በማቴዎስ ስም እንደወጣ ይቀራል። «የኔ ነው» አልኩና ደብተሬን ከነማሳሰቢያው ፊቱ ዘረጋሁት። ከታይፑ ጋር አመሳከረው። «አንቺ ጥፋት የለብሽም» አለ። እፎይ ልል ስል፣ ቅጂው መጉደሉን መቼ እንዳየሁ ጠየቀኝ። ረቡዕ፣ አልኩ።

«ታዲያ ለምን አልደወልሽም?»

ደብተሬን ከፊቱ አንስቼ ዘጋሁት።

ሰኞ ከማቴዎስ ጋር በአንድ መኪና አዲስ ሞተር ይዛችሁ ሂዱ ተብለናል። ይቅር አላልኩትም፤ አልዋሽም። ግን የአንጋጫ ሴቶች ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ወንዝ እየወረዱ ነው የሚቀዱት አሉ። ምን ብዬ ፊታቸው ልቆም ነው?